የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሁለት ቁልፎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ብርዳሙን ደጋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያቋርጥ ምድሩ ድንገት ይቆረጥበታል፤ ከእግሩ በታች ገደሉ ይወርዳል፤ ከገደሉም ማዶ የአፋር ቆላ በጉም ተሸፍኖ ተዘርግቶ ይታየዋል። በዚህ አፋፍ ላይ ያለችው ከተማ አንኮበር ናት። ዛሬ ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ብትሆንም የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችበት ዘመን አለ።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ሸዋን የገዙት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስም ለማንም አንባቢ እንግዳ አይደለም። የዐፄ ምኒልክ አያት መሆናቸውን፣ ግዛታቸውን ማስፋታቸውን፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መንግሥታት ጋር የወዳጅነት ውል መዋዋላቸውን ተማሪ ሁሉ በታሪክ ትምህርቱ ያገኘዋል። ዛሬ ግን እኛ የምንጽፈው ስለ ውሉም ስለ ግዛቱም አይደለም። የእኒህን ሰው ታሪክ ባነበብን ቁጥር ልባችንን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። በንጉሡ እጅ ሁለት ቁልፎች ነበሩ ለማለት ይቻላል፤ አንደኛው የጎተራ ቁልፍ፣ ሁለተኛው የግዞት ቤት ቁልፍ። በመጀመሪያው ቁልፍ ሳይሳሱ ለሕዝባቸው ከፈቱ። ሁለተኛውን ግን 30 ዓመት ያህል በጉያቸው ይዘው ጾሙ፣ ዳዊት ደገሙ፣ አስቀደሱ። ሃይማኖትን በአፍ መመስከርና ሃይማኖትን መኖር የሚለያዩበትን ድንበር ለማየት ለሚፈልግ ወጣት ይህ ታሪክ ብዙ የሚያስተምር ይመስለናል።

የሣህለ ሥላሴ አያት አስፋ ወሰን፣ አባታቸውም ወሰን ሰገድ ይባሉ ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር ንጉሠ ነገሥቱ ስሙ ብቻ ቀርቶ፣ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው እየተዋጉ አገሪቱን ሲያምሱ፣ ሸዋ በተራሮቿና በገደሎቿ ተከልላ ለብቻዋ ትኖር ነበር። ገዥዎቿም መርዕድ አዝማች በሚባል ማዕረግ ተጠርተው ልጅ ከአባት እየተቀበለ አገሩን ያስተዳድሩ ነበር። የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይንና አካባቢውን የሚያስተዳድሩ ብርቱ ሴት ነበሩ። ልጁም በዚያው በሰላ ድንጋይ ከካህናት እግር ሥር ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ታላቅ ወንድም ስለ ነበራቸው አባታቸውን የሚወርሱት እሳቸው ይሆናሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አልነበረም።

በ1805 ዓ.ም. ግን ወሰን ሰገድ በቁንዲ ሳሉ ከገዛ ቤታቸው አገልጋይ በአንዱ እጅ ተገደሉ። ታላቁ ልጅ በኩሬ በዚያን ሰዓት ከቦታው ርቀው ነበር። ወጣቱ ሣህለ ሥላሴ መርዶው እንደ ደረሳቸው ትምህርታቸውን ትተው ወደ ቁንዲ ገሠገሡ፤ ወንድማቸው ከመድረሳቸውም በፊት በአባታቸው ቦታ ተቀመጡ። በኩሬ ሲደርሱ ነገሩ አልቆ ቆያቸው። አዲሱ ገዥ ታላቅ ወንድማቸውንና ዙፋኑን ሊመኙ ይችላሉ የተባሉትን ሌሎች ዘመዶቻቸውን አሲዘው ወደ ጎንቾ ላኳቸው።

ጎንቾ በይፋት በኩል ያለ የተመሸገ አምባ ነው። የሸዋ ገዥዎች የዙፋን ተቀናቃኝ የሚሆኑትን ዘመዶቻቸውን የሚያስጠብቁት በዚያ ነበር። ጠባቂውም በንጉሡ ዘመን የይፋት ገዥ የነበሩት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ይህ ልማድ በሸዋ የተጀመረ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ልጆች በአምባ ግሸን፣ በጎንደር ዘመንም በወህኒ አምባ ይጠበቁ እንደ ነበር ይታወቃል። ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ ቤት ብለን የምንጠራው ከዚያው አምባ ስም ነው። እንግዲህ ወጣቱ ሣህለ ሥላሴ ያደረጉት የአባቶቻቸውን ሥርዓት ነው፤ በዘመኑ ሰዎችም ዘንድ ያስነቀፋቸው አይመስልም። ይህን ልብ እንበል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የለመደው ኃጢአት ለሕሊና ከሁሉ የሚከብድ ፈተና ነውና።

ከዚህ በኋላ ያለው የንጉሡ ታሪክ የሚያስከብር ታሪክ ነው። ሣህለ ሥላሴ የመርዕድ አዝማችነቱን ማዕረግ አልፈው ራሳቸውን የሸዋ ንጉሥ አሰኙ። አንኮበርን ዋና መቀመጫቸው አድርገው፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕት ዓመት በቆረቆሯት በደብረ ብርሃንም ግቢ ነበራቸው፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ አንጎለላን መሠረቱ። በሰሜን አገሩ በመሳፍንቱ ጦርነት ሲታረስ በሸዋ ገበሬው እርሻውን ያርስ፣ ነጋዴውም ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወርዶ ከቆላው ነጋዴ ጋር ይገበያይ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው በችሎት ተቀምጠው የድኃውን አቤቱታ ይሰሙ ነበር። በዚያን ዘመን አንኮበርን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች፣ ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ፣ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርና የእንግሊዝን መልእክተኞች የመራው ካፒቴን ሃሪስ፣ ብዙ ነገር እየነቀፉም ቢሆን ንጉሡ በሕዝባቸው ዘንድ የተወደዱ መሆናቸውን ጽፈዋል።

የንጉሡም መንፈሳዊነት ለታይታ የተደረገ አልነበረም። እኩለ ሌሊት ተነሥተው ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ ዳዊት ይደግሙ ነበር። አጽዋማትን ይጾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናትን ይሠሩና ይረዱ፣ ካህናትን ያከብሩ ነበር። በሌሊት፣ በጨለማ፣ ከሰው ዓይን ርቆ የሚደረግን ጸሎት ግብዝነት ነው ለማለት አይቻልም። ይህን የምንለው አንባቢ ታሪኩን ከመጀመሪያው በተሳሳተ መንገድ እንዳይወስደው ነው። የምንጽፈው ሃይማኖትን እንደ ካባ ለብሶ ስለሚያታልል ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ አንባቢውም ይህ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ጋዜጣውን ባጠፈ ነበር። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ንጉሡ ከልባቸው የሚያምኑ ሰው መሆናቸው ነው።

እምነታቸው በሥራ የታየበት ዋናው ቀን የመጣው በ1820ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ነው። ዝናም ቀረ፤ እህል ጠፋ፤ ከብቱ አለቀ፤ ሕዝቡም በረሀብ ይረግፍ ጀመር። የደጋ ገበሬ በሬው ከሞተበት ዝናም ተመልሶ ቢመጣ እንኳ የሚያርስበት የለውም፤ ስለዚህ የአንድ ዓመት ረሀብ የሁለትና የሦስት ዓመት ረሀብ ይሆናል። በዚያን ዘመን የንጉሥ ኃይል የሚለካው በጠመንጃና በጎተራ ነበር። በጎተራ ያለው እህል የሠራዊቱ ስንቅ ነው፤ ስንቅ ያለቀበት ገዥም ሠራዊቱ ይበተንበታል፤ ጠላት ይነሣበታል። ይህም ሥጋት ባዶ ሥጋት አልነበረም፤ መዶቆ የሚባለው የጦር አለቃቸው በዚያው ዘመን አካባቢ ሸፍቶባቸው ነበርና።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብልህ ገዥ ምን ያደርጋል ቢባል፣ ጎተራውን ዘግቶ ሠራዊቱን ይመግባል የሚል መልስ ይገኝ ይሆናል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግን ጎተራቸውን ለተራበው ሕዝብ ከፈቱ። ረሀቡንም ተከትሎ የኮሌራ በሽታ ገብቶ ከታመመው ሰው ብዙውን ፈጀ። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ሕዝቡ ንጉሡን እንደ አባት ያያቸው ጀመር። የሸዋ ሰው ለእሳቸው ያለው ፍቅር ከዚያ በኋላ የጸና መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ይህ የመጀመሪያው ቁልፍ ነው። እዚህ ላይ ንጉሡ በሌሊት የደገሙትን በቀን ሠሩት፤ የተራበ አይተው አበሉ።

አሁን ደግሞ ከዚሁ ጋር ሊተያይ የሚገባውን ሌላ ነገር እናንሣ። በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ክርስቶስ ልደትና ስለ ቅብዓት በተነሣ ክርክር ተከፋፍላ ነበር። በሸዋ የሦስት ልደት ትምህርት ወገን በርትቶ ሳለ ሌሎቹ ሊቃውንት ይህን ይቃወሙ ነበር። በየደብሩ ጉባኤ ይደረጋል፤ አለቃ ከአለቃ ይወጋገዛል፤ ተማሪ ከተማሪ በዱላ እስከ መፈላለግ ይደርሳል። ንጉሡም በ1834 ዓ.ም. ለሦስት ልደት ወገን ፈርደው፣ ይህን አንቀበልም ያሉትን ከአለቅነታቸው ሻሩ። በዚያው ዓመት ከግብጽ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ የተቃራኒው ወገን ስለ ነበሩ ከሸዋው ንጉሥ ጋር ተጣሉ፤ ጠቡም እስከ መወጋገዝ ደረሰ።

ሊቃውንቱ ስለ እምነት ቃል መጠንቀቃቸውን የምናቃልል አይደለንም። ነገር ግን ጊዜ ራሱ የሰጠውን ፍርድ እንመልከት። ንጉሡ ካረፉ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። አያት በሥልጣን ያጸኑትን ትምህርት የልጅ ልጅ ባለበት ጉባኤ ሻረው። የረሀቡን ዘመን ጎተራ ግን የሻረው ጉባኤ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሰው ስለ እምነቱ የተከራከረው ክርክር ሊረታ ይችላል፤ ስለ እምነቱ የሰጠው እንጀራ ግን አይረታም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎንቾ እንደ ተዘጋ ነበር። ንጉሡ እኩለ ሌሊት ተነሥተው ዳዊት ሲደግሙ፣ ወንድሞቻቸውና ዘመዶቻቸው በዚያችው ሌሊት እግር ብረታቸውን እያንኳኩ ይገላበጡ ነበር። ንጉሡ ፋሲካን ሲፈስኩ እነሱ በአምባው ላይ ነበሩ። ረሀብተኛው ሁሉ ከንጉሡ ጎተራ እህል ሲሰፈርለት፣ የእናት የአባት ልጅ የብርሃን ምጽዋት የሚሰጠው አላገኘም። በወንጌል ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቀውን ሲናገር የተራበውንና የታሰረውን በአንድ ላይ ነው የቆጠራቸው፤ ከተራበው ጀምሮ በታሰረው ይጨርሳል። ንጉሡ ይህን ቃል ሳይሰሙት አልቀሩም። የዝርዝሩን መጀመሪያ በደኅና ፈጸሙ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ዓመት በዓመት ላይ እየተጨመረ ዝም አሉ።

ለምን? እዚህ ላይ ለንጉሡም እውነተኛ ፍርድ መስጠት ይገባል። እሳቸው ቢጠየቁ መልስ አያጡም ነበር። ወንድሞቼን ብፈታ ነገ እያንዳንዳቸው ጦር ሰብስበው ይነሡብኛል፤ ሸዋም እንደ ሰሜኑ አገር በወንድማማቾች ጦርነት ትታረሳለች፤ ስለ ጥቂት ሰዎች ነጻነት ብዬ የብዙ ሺሕ ገበሬ ደም ላፍስስ ወይ ብለው ሊጠይቁ ይችሉ ነበር። ይህ የሞኝ መልስ አይደለም። በዘመነ መሳፍንት የሆነውን ላየ ሰው ክብደት ያለው መልስ ነው። እኛም ዛሬ ከዴስክ ጀርባ ተቀምጠን በቀላሉ የምንንቀው መሆን የለበትም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ረሀቡ በመጣ ጊዜ ጎተራን መዝጋትም እንዲሁ ክብደት ያለው ምክንያት ነበረው፤ መንግሥትን ለመጠበቅ፣ ሠራዊትን ለመመገብ። ንጉሡ ግን ያን ጊዜ ለምክንያቱ አልተገዙም፤ ለእምነታቸው ተገዙ። ታዲያ በጎተራው ላይ የተቻለው በጎንቾ ላይ ለምን አልተቻለም? እኛ እንደሚመስለን፣ ጎተራው የሚነካው ሀብታቸውን ነበር፤ ጎንቾ ግን የተቀመጡበትን ወንበር የተገኘበትን መንገድ ይነካል። ወንድማቸውን መፍታት ማለት ያቺን የቁንዲን ቀን እንደ ገና መመልከት፣ ወንበሩ በመቅደም እንጂ በታላቅነት እንዳልተገኘ ለራስ ማመን ማለት ነው። ሰው ካለው ላይ መስጠት ይችላል፤ ብዙ ጊዜም በደስታ ይሰጣል። የሆነውን፣ የቆመበትን እንዲነኩበት ግን አይወድም።

ሌሎችም የተዘጉ በሮች ነበሩ፤ ልንሸሽጋቸው አይገባንም። ንጉሡ በየዓመቱ በአጎራባች የኦሮሞ አገሮች ላይ ይዘምቱ ነበር፤ በዘመቻውም መንደር ይቃጠል፣ ከብት ይነዳ፣ ሴትና ሕፃን ይማረክ ነበር። ከአንኮበር በታች ባለው የአብዱል ረሱል ገበያ ባሪያ ይሸጥ ነበር፤ ከዚያም ንግድ ለመንግሥት ቀረጥ ይገባ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ክርስቲያን ሰውን እንዳይሸጥ ይከለክላል ተብሎ ሻጩ ሌላ ሰው ይሁን እንጂ፣ ባሪያ በክርስቲያኖቹም ቤት በንጉሡም ግቢ ይሠራ ነበር። ሕጉን በቃሉ ጠብቆ በመንፈሱ ማፍረስ ማለት ይህ ነው። የዘመኑ ሰው ሁሉ ያደርገው ነበር ብንል እውነት ነው፤ ነገር ግን የዘመኑ ሰው ሁሉ ያደርገው የነበረው ነገር ነው ወንጌል የሚፈትነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቁልፍ እንመለስ። በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ሃሪስ የሚመሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥተው በረሀውን አቋርጠው አንኮበር ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር ወር በንጉሡና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ውል ተፈረመ። መልእክተኞቹ እስከ 1835 ዓ.ም. ድረስ በሸዋ ተቀመጡ። በነዚህ ዓመታት ንጉሡን ደዌ ይጎበኛቸው ጀምሮ ነበር፤ ከእንግዶቹም ሐኪም መድኃኒት ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። ሞት የሚባለው ነገር ለእሳቸውም እንደ ተራው ሰው ቅርብ መሆኑ ይታያቸው የጀመረ ይመስላል። ሃሪስም ስለ ጎንቾ እስረኞች ማለደ።

በመጨረሻም ንጉሡ ፈቀዱ። እስረኞቹ ከጎንቾ ወጥተው በንጉሡና በእንግዶቹ ፊት ቀረቡ። ሃሪስ ያየውን ጽፎት ይገኛል። ሰንሰለታቸው በብዙ ዓመት መተሻሸት ብዛት እንደ ተወለወለ ብረት ያብረቀርቅ ነበር፤ እግራቸው አጭር እርምጃ ስለ ለመደ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እየተደገፈ ነበር የመጡት። ሰንሰለቱ በንጉሡ ትእዛዝ ተሰብሮ ወደቀ። ንጉሡም ለእንግዶቹ ሲናገሩ፣ ያዩትን ወደ አገራቸው እንዲጽፉና፣ ምንም እንኳ ከነጮቹ መንግሥታት በብዙ ወደ ኋላ የቀሩ ቢሆኑ፣ በሸዋ ንጉሥ ልብ የክርስቲያን ፍቅር ፍንጣሪ እንዳለ ለንግሥታቸው እንዲነግሩ አሳሰቧቸው።

ይህን የንጉሡን ንግግር ስናስብ ሁለት ስሜት ይሰማናል። በአንድ በኩል፣ ምሕረቱ እንኳ ለእንግዳ እንዲታይ፣ ለሩቅ ንግሥት እንዲጻፍ ሆኖ መደረጉ ቅር ያሰኘናል። በዘመድ ዕንባ ያልተከፈተ በር በእንግዳ ልመና ተከፈተ። ከ30 ዓመት በኋላ የተሰጠ ነጻነትም የወጣትነትን ዘመን አይመልስም፤ ጎልማሳ ሆኖ የገባ ሽማግሌ ሆኖ ይወጣል። በሌላ በኩል ግን፣ ንጉሡ የተናገሩት የፍንጣሪ ነገር ትሕትና ያለበት ነው። እሳት ነድዶልኛል አላሉም፤ ፍንጣሪ አለች አሉ። በእኩለ ሌሊት ስንት ዓመት ሙሉ የደገሙት ዳዊት ያቺን ፍንጣሪ ሳትጠፋ አቆይቷት ይሆናል። ጸሎት ሥራን የሚተካ አይደለም፤ ነገር ግን የሚጸልይ ሰው ሕሊናው ጨርሶ እንዳይተኛ ያደርገዋል። ዘግይቶ የመጣው ምሕረት ከየት መጣ ብንል፣ ከዚያ ካልተኛው ሕሊና መጣ እንላለን።

የተፈራው ነገርስ ደረሰ ወይ? አልደረሰም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚህ በኋላ ጥቂት ዓመታት ገዝተው በጥቅምት ወር 1840 ዓ.ም. አረፉ። ዙፋኑን የወረሰው ከጎንቾ የወጣ ዘመድ ሳይሆን ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነው። 30 ዓመት የሰው እግር በብረት ያሠረው ፍርሃት በሩ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ፍርሃት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በሩ ተዘግቶ ሳለ ግዙፍ ሆኖ ይታያል፤ በሩ ሲከፈት ግን ከውስጥ የሚወጡት የደከሙ ሰዎች ናቸው።

የዚህን ታሪክ ፍጻሜ ይበልጥ የሚያሳምረው በልጅ ልጅ ዘመን የሆነው ነው። ከንጉሡ ልጆች አንዱ ዳርጌ ይባሉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን በያዙ ጊዜ ዳርጌ ከወንድማቸው ልጅ ከሕፃኑ ምኒልክ ጋር ተማርከው መቅደላ ገቡ። በኋላ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ፣ ቀጥሎም ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ፣ በአሮጌው ልማድ ቢሆን አጎታቸው ዳርጌ ለጎንቾ የሚታጩ ሰው ነበሩ፤ የንጉሥ ልጅ ናቸው፣ ጀግና ናቸው፣ በሕዝብም የተከበሩ ናቸው። ምኒልክ ግን ራስ ብለው ሾሟቸው፤ ሰላሌን፣ በኋላም አርሲን አስተዳደሩ፤ እስኪያርፉም ድረስ የመንግሥቱ ዋና አማካሪና የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ሰው ሆነው ኖሩ። አያት የፈሩትን ዓይነት ሰው የልጅ ልጅ አምነው ምሰሶ አደረጉት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ፣ ለዛሬ ተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች፣ ምን ይነግረናል? እኛ የምናዝበት አምባ የለንም፤ ዙፋንም የለንም። ማተብ በአንገታችን አለ፤ ዓቢይ ጾም ሲመጣ እንጾማለን፤ በበዓል ቀን ነጠላችንን አጣፍተን እንሄዳለን፤ በመንገድ ለተቀመጠው ነዳይ ሳንቲም እንጥላለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን እያንዳንዳችን ትንሽ ጎንቾ የለንም ወይ? በመሥሪያ ቤት አብሮን የሚሠራ፣ ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ጓደኛ አለ፤ ዕድገት እንዳይደርሰው ፋይሉን ከመሳቢያ ሥር የምናሳድርበት ጊዜ የለም ወይ? ባለጉዳዩ አንድ ፊርማ ሲጠብቅ ነገ ተመለስ ብለን የምናጉላላው፣ ከዚያም በዕለተ ዓርብ ለስግደት የምንሮጥ አይደለንም ወይ? በርስት ወይም በቤት ክፍያ ተጣልተን ለዓመታት ያላነጋገርነው ወንድም፣ ያልጠየቅናት እኅት የለችንም ወይ?

እንዲህ ያለው በር ሲነካብን ሁላችንም መልስ አለን። ጓደኛዬን ባሳድገው ቦታዬን ይወስዳል፤ ወንድሜን ብታረቀው እንደ ገና ይበድለኛል፤ ደንቡ አይፈቅድም፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የንጉሡም መልስ ይኸው ነበር፤ ከእኛ መልስም ይልቅ የእሳቸው ክብደት ነበረው። እምነት እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን መልስ በሌለን ቦታ ሳይሆን፣ ጥሩ መልስ ባለን ቦታ ነው። ለማኙ ፊት ማንም ደግ ሊሆን ይችላል፤ ለማኝ ወንበራችንን አይወስድምና። ሃይማኖታችን የሚመዘነው ሊወዳደረን በሚችለው ሰው ፊት፣ በበደልነውና ልናየው በማንወደው ሰው ፊት ነው።

ደግሞም ከንጉሡ አንድ ተስፋ እንማራለን። በጎተራው ደግ የነበረ ሰው በጎንቾ ጨካኝ ሆኖ ተገኘ ብለን ጎተራውን ሐሰት ነው አንልም። ጎተራውም እውነት ነው፤ ጎንቾም እውነት ነው። ሰው እንዲህ በግማሽ የበራ ቤት ነው። የበራው ክፍል ብርሃን፣ በሩ ከተከፈተለት፣ ወደ ጨለማው ክፍል ይዘልቃል። ንጉሡ ይህን በር የከፈቱት በሸመገሉ ጊዜ፣ በደዌ መካከል፣ በእንግዳ ልመና ነው። እኛ ግን ገና ወጣቶች ነን፤ ደዌም እንግዳም ሳንጠብቅ ዛሬ ልንከፍት እንችላለን።

በሚመጣው ጊዜ ወደ አንኮበር የሚወጣ አንባቢ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ይፋት በኩል ይመልከት። ከተራሮቹ መካከል አንዱ ሰዎች 30 ዓመት ያህል በሰንሰለት የተቀመጡበት አምባ ነው። ከኋላው ደግሞ በክፉ ቀን የተራበ ሕዝብ ከንጉሡ ጎተራ እህል ተቀብሎ የተመለሰበት ደጋ አለ። በሁለቱ መካከል ቆሞ፣ በኪሱ ያለው ቁልፍ የየትኛው በር ቁልፍ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።